ባበጠ ጉንጭ ልክ የተጠረበ መነጽር

ከፊሊፒንስ ማዶ፣ በቦድጋያ ደሴት ዙሪያ ጀልባ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ስለ ታራባሳ ብትጠይቁ ሁሉም ሁለት ነገር ይነግሯችኋል፤ ጦሩ አይስትም፣ ወሬው አይታመንም። ሁለተኛው የባሕሩ ጥፋት ነው ይላል እሱ። ውሃ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ከልኩ ገዝፎ ይታያል፤ ክንድ የሚያህል ዓሣ ክንድ ተኩል ይመስላል። ሌላው ሰው ዓሣውን ታንኳ ላይ አውጥቶ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ያየውን ያወራል። ታራባሳ ግን ዓሣው አጠገቡ ተዘርሮ እንኳ የሚያወራው ከውሃው በታች ያየውን ነው። «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። ወጥቶ ቢያንስ ጥፋቱ የኔ ነው?» ይላል። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው እሱ ሲያወራ ሲሶውን ቀንሶ መስማት ለምዷል፤ ማንም አይቆጣውም።

ዕድሜው ወደ ስልሳ ይጠጋል ይባላል። እናቱ የወለድኩት በትልቁ ማዕበል ዓመት ነው ትል ነበር፤ ትልቅ ማዕበል ግን ሦስት ጊዜ ስለነበረ ነገሩ እንዲሁ በእንጥልጥል ቀረ። የተወለደው ጀልባ ላይ ነው፣ የተዳረውም ጀልባ ላይ ነው፣ አምስት ልጆች ያሳደገውም ርዝመቷ ሰባት እርምጃ በሆነች ጀልባ ላይ ነው። የግራ ጆሮው ታምቡር ገና በልጅነቱ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ፈንድቷል፤ ይህ በጠላቂዎች ዘንድ ወግ ነው። ችግሩ የቀኙ ጤነኛ መሆኑ ነበር። ጃይቱን የምትባለው ሚስቱ ስትናገረው የትኛውን ጆሮ እንደሚያዞርላት የሚመርጠው ራሱ ነው።

አራቱ ልጆች አግብተው በየጀልባቸው ተበትነዋል። የቀረችው የመጨረሻዋ፣ ኢንታን ነበረች፤ እሷም የኦማዳል ደሴቱን የሳራፒልን ልጅ ልታገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ታራባሳ መነጽሩ ላይ ተቀመጠበት።

መነጽሩ ከእንጨት የተጠረበ፣ ሁለት ክብ ብርጭቆ የተገጠመለት፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሮት የጠለቀ ነበር። ቀጭ ሲል ድምፁን በግራ ጆሮው ሳይቀር ሰማው። ማን እዚያ እንዳስቀመጠው ሲጠይቅ ጃይቱን «አንተ ነህ» አለች፤ ኢንታን «አንተ ነህ» አለች፤ ድመቷ እንኳ ፊቷን አዞረች። በመጨረሻ ጥፋተኛዋ ጀልባዋ ሆነች፤ ወለሏ ጠቧል ተብሎ ነገሩ ተዘጋ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ሁሉ ጉድ ባልተባለ ነበር። በጀልባ ሰዎች ደንብ ግን ልጁን የሚድር አባት በሠርጉ ቀን ራሱ የወጋውን ትልቅ ዓሣ ከነጭንቅላቱ ይዞ ወደ ሙሽራው ቤት ይገባል። የአባት ዓሣ ይባላል። ከመረብ የወጣ አይሆንም፤ ከገበያ የመጣማ ነውር ነው። የወንዱ ወገን ሴቶች ጦሩ የገባበትን ቀዳዳ በጣታቸው ፈትሸው ነው የሚቀበሉት። ያ ዓሣ ልጅቷ በዚያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ የማን ልጅ ተብላ እንደምትጠራ ይወስናል። ታራባሳ ደግሞ አራቱን ሴት ልጆቹን በአራት ግዙፍ ዓሣ የዳረ ሰው ነው፤ በአምስተኛዋ ባዶ እጁን ሊቆም አይችልም።

በዚያው ቀን የቀኝ መንጋጋ ጥርሱ ተነሣበት። ጉንጩ አበጠ፣ አበጠና ዓይኑን ከታች ገፍቶ አጠበበው። እሱ ግን መጥረቢያውንና ስለቱን ይዞ የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ አዲስ መነጽር መጥረብ ጀመረ። የእንጨት መነጽር ሥራ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ትጠርባለህ፣ ፊትህ ላይ ትለካለህ፣ ገፍቶ በሚነካህ በኩል ትፍቃለህ፣ እንደገና ትለካለህ፤ ጠርዙ ከአጥንትህና ከሥጋህ ጋር ገጥሞ አንድ ጠብታ የማያስገባ እስኪሆን ድረስ። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ወንድምህ ቢለምንህም አትሰጠውም፣ ቢሰጥህም አትቀበለውም።

«አንተ ሰውዬ» አለች ጃይቱን ካሳቫ እየፈቀፈቀች፣ «ጉንጭህ እስኪጎድል ጠብቅ እንጂ። በማን ፊት ልክ ነው የምትጠርበው?»

ታራባሳ የግራ ጆሮውን አዞረላት።

በሁለት ቀን ጨረሰ። ብርጭቆውን አስገባ፣ ዙሪያውን በሙጫ ደፈነ፣ ፊቱ ላይ ሲያደርገው መነጽሩ እንደ ኦክቶፐስ ሙጭጭ አለ። «እዪ! ያለ ገመድ ይቆማል!» እያለ ራሱን ወደ ታች ደፍቶ አሳያት። እውነትም አልወደቀም። ጃይቱን ካሳቫዋን ቀጠለች።

በማግሥቱ ሊሞክረው ጠለቀ። አሥራ አምስት ክንድ ያህል እንደወረደ የጥርሱ እብጠት ፈነዳ። ከውሃው ሲወጣ የሚናገረው ቃል በልጅ ፊት የሚነገር ስላልነበረ ጃይቱን ኢንታንን ወደ ጀልባዋ ኋላ አስኬደቻት፤ ሰባት እርምጃ ርቀት ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። በሁለት ቀን ጉንጩ ተመልሶ ገባ። እንዲያውም ከዱሮው የባሰ ጎደለ፤ ሥጋ የነበረበት ቦታ ላይ አጥንት ብቻ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ የታራባሳ መከራ ጀመረ። መነጽሩ በግራ በኩል ደረቅ ነው፤ በቀኝ በኩል ግን ባሕሩ እንደልቡ ይገባል። ታች ሲደርስ ቀኝ ዓይኑ ጨው ውስጥ ይዋኛል። አንድ ዓይና ሆኖ የሚወጋ ሰው ርቀት አይለካም። የመጀመሪያው ቀን ሳተ። ሁለተኛው ቀን ኪያፑ ያየ መስሎት፣ ያንን አፈ ሰፊ የዋሻ ዓሣ ማለት ነው፣ ድንጋይ ወግቶ ጦሩን አጎበጠ።

«ታንኳዋን ስለምታወዛውዢው ነው!» አለ ብቅ ብሎ ሲተነፍስ።

እሱ በሚጠልቅበት ጊዜ ሁሉ ትንሿን ታንኳ ከላይ የምትይዘው ጃይቱን ነበረች፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ።

«እኔ ላይ ያለሁ ሰውዬ፣ ታች ያለውን ድንጋይ እንዴት አድርጌ አወዛወዝኩት?»

«ጥላሽ ያርፍበታል! ውፍረትሽ ዓሣውን ያስበረግጋል!»

ይህን ማለት አልነበረበትም። እሱም ገና ከአፉ ሳይወጣ ያወቀው ይመስለኛል፤ ሆኖም ያመለጠ ነገር ነው። ጃይቱን መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ነክራ ወደ ጀልባዋ ቀዘፈች። እሱን ግን አልጫነችውም፤ እየዋኘ ተከተላት።

ሰባት እርምጃ በሆነ ጀልባ ላይ መኮራረፍ ቀላል አይምሰላችሁ። የሚሸሹበት ጓዳ የለም፣ የሚያንኳኩት የጎረቤት በር የለም። ጀርባ መሰጣጠት ብቻ ነው ያለው፤ ጀርባ ለጀርባ ሲቀመጡ ደግሞ ጀርባቸው ይነካካል። መካከላቸው ኢንታን ሆነች።

«ኢንታን፣ ምግቡ ደርሷል በይው አባትሽን።»

«አባዬ፣ ምግቡ ደርሷል።»

«ሰምቻለሁ በያት።»

«እማዬ፣ ሰምቻለሁ ይላል።»

«በየትኛው ጆሮው ነው ዛሬ በይው።»

ኢንታን ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን የምግብ ሳህን ውስጥ ቀበረች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየላትም። አባቷ በየቀኑ ባዶ እጁን ሲመለስ ታያለች፤ ሠርጉ አራት ቀን፣ ሦስት ቀን እያለ ይቀርባል።

ታራባሳ መነጽሩን ያልሞከረበት ነገር የለም። እንጨት ከጠረቡት በኋላ አይጨመርም፤ ስለዚህ ጨርቅ ጠቀጠቀበት፤ ጨርቁ ውሃ ጠጥቶ ወደቀ። ቀጥሎ ሙጫ አቅልጦ ጠርዙን አወፈረና ገና ሳይደርቅ ፊቱ ላይ ለጠፈው። ልክ ገባለት! ደስታው ያበቃው ሊያወልቀው ሲል ነው። መነጽሩ የመጣው ከቀኝ ቅንድቡ ጋር ነው። ሌላ እንጨት ፈልጎ፣ አድርቆ፣ ብርጭቆ አግኝቶ ለመጥረብ ቀኑ አይበቃም።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳራፒል በሞተር ጀልባ መጣ። ሳራፒል የጀልባ ልጅ ነው፤ ግን ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ በባሕሩ ላይ እንጨት ተክሎ ቤት ሠርቶ ስለሚኖር አሁን ማዕበል ያጥወለውለዋል። የፕላስቲክ ወንበር ይዞ ነው የሚጓዘው። ከጀልባው ሳይነሣ፣ በአንድ እጁ የታራባሳን ጀልባ ጠርዝ፣ በአንድ እጁ ሆዱን ይዞ አወራ።

«እንዴት ነው አማቼ፣ የዘንድሮ ዓሣ ይሸሻል አሉ?»

«ማን አለ?»

«ነፋስ ያመጣው ወሬ ነው። ቅንድብዎን ምን ነካው?»

«ፀሐይ ነው።»

«እንዲያው ለማለት ያህል» አለ ሳራፒል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቢያስቸግርዎት አይጨነቁ። ሰምፖርና ከተማ ገበያ በበረዶ የተያዘ አለ። ማን ያያል? እኔው ራሴ በጦር ቀዳዳ አበጅለታለሁ። ዛሬ የጀልባ ሰው እንደ ዱሮው ነው ብሎ የሚጠብቅ የለም።»

ሰውዬው ክፋት አስቦ አልነበረም፤ ያ ነው የባሰው። ታራባሳ ደረቱን ነፋ።

«ዓሣው ተይዟል እኮ! ማለቴ አይቼዋለሁ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ይችን ጀልባ ያህላል። እንዲወፍር ብዬ ነው የተውኩት።»

ሳራፒል በልቡ ሲሶውን ቀንሶ፣ የቀረውም በዝቶበት መሰለኝ፣ በትሕትና ፈገግ ብሎ ሄደ።

ገና ሳይመሽ ኢንታን አጠገቡ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ከገበያ ይምጣ በቃ። እኔ አላፍርም» አለችው። ይህን ስትል አንገቷን ደፍታ ነበር። ታራባሳ በሁለቱም ጆሮው ሰማት። ከሳራፒል ንግግር ሁሉ ይኼ አንጀቱን በላው፤ ልጄ አዘነችልኝ ብሎ ሆድ ባሰው።

በማግሥቱ አክስቶቿ መጥተው ኢንታንን ሊኩሏትና ሊያስጌጧት ወደ ኦማዳል ወሰዷት። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ፤ መልእክተኛም ጠፋ። የሠርጉ ቀን ገና ሲነጋ ጃይቱን ድመቷን አነጋገረቻት።

«ውሃው እየጎደለ ነው። የሚጠልቅ ሰው ካለ ጊዜው አሁን ነው።»

ታራባሳም ለድመቷ መለሰላት። «የሚቀዝፍ ሰው ካለ እኔ ዝግጁ ነኝ።»

ሁለቱም ታንኳዋ ውስጥ ገቡና ከኮራሉ አለት ጠርዝ ላይ፣ ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር የሚዞርበት ቦታ ቆሙ። የኪያፑው ዋሻ በእርግጥ አለ፤ በዚህ እንኳ አልዋሸም። ሦስት ጊዜ ጠለቀ። በመጀመሪያው ዋሻውን አጣው። በሁለተኛው አገኘውና ውስጡን ለማየት ሲያጎነብስ ውሃው ሞላበት። በሦስተኛው ጭራሽ የት እንዳለ ሳያውቅ ወጣ። ታንኳዋ ላይ ተንጠልጥሎ ገባ፣ መነጽሩን አውልቆ ወለሉ ላይ ጣለው፣ ቀልቶ የደፈረሰ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። አለቀሰ ብል ባሕሩ ነው ይላችኋል።

 ጃይቱን መነጽሩን አነሣችና በባሕሩ ውሃ አለቀለቀችው፤ ፊቷ ላይ አደረገችው። ሙጭጭ አለ። ራሷን ወደ ታች ደፋች፤ አልወደቀም። ጣቷን በጠርዙ ዙሪያ አዞረች፤ ክፍተት የለም። ታራባሳ ያበጠ ጉንጩን ለክቶ የጠረበው መነጽር በጃይቱን ሙሉ ጉንጮች ላይ ልክ እሷን አስቀምጠው የጠረቡት ያህል ገጠመ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ውፍረቴ ዓሣ ሊያስበረግግ ነው» አለችና ጦሩን ከነገመዱ ከእጁ ወሰደች። በአራት ቀን ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«አትችይም! ዋሻው በቀኝ በኩል ነው፣ ድንጋዩን ይዘሽ ቀስ ብለሽ—»

«ድንጋዩን ይዤ ቀስ ብዬ፣ ዓይኑን ሳላይ ጉሮሮውን። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ስታወራልኝ የሰማሁትን አሁን ልታስተምረኝ ነው? ደሞ እኔ ልጅ ሳለሁ እየጠለቅኩ ከባሕሩ ወለል የባሕር ዱባ ለቅሜ ነው ያደግኩት። መቅዘፊያውን ያዝ!»

ትንፋሿን ስባ ገባች።

ታራባሳ መቅዘፊያውን ያዘ። በዚያች ደቂቃ የገባው የመጀመሪያ ነገር መቅዘፍ አለመቻሉ ነው። መሄድ ያውቅበታል፤ ታንኳዋን አንድ ቦታ ማቆም ግን አያውቅም። ከታች ሆኖ ቀና ባለ ቁጥር ታንኳዋ ሁሌም ከአናቱ በላይ ነበረች፤ ዕድሜውን ሙሉ በራሷ እዚያ የምትቆም ነገር መስላው ነበር። አሁን ነፋሱ ወደ ግራ ይገፋታል፣ ውሃው ወደ ቀኝ ይስባታል፤ አንዱን ሲያርም ሌላው ይዞት ይሄዳል። ዞር ብሎ ጃይቱን የገባችበትን ቦታ ሲፈልግ ባሕሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነበት።

ከዚያ ፈራ። እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። እሱ ራሱ ከታች ሆኖ ትንፋሹ ሲያጥረው ፈርቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም እዚያ ሥራ አለ፣ ዓሣ አለ። እዚህ ላይ ግን ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር የለም። ፊቱን ውሃ ውስጥ ነከረ፤ አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ አየ። ስሟን ጮኸ። «ጃይቱን! ውጪ! ዓሣው ይቅር! ገበያ አለ! በበረዶ የተያዘ አለ!» አለ። ውሃው ምንም አልመለሰም። እሱ እንደሚለው አንድ ሰዓት ቆየች፤ ከዚህ ላይ ሲሶውን ሳይሆን ሁሉንም ማለት ይቻላል ቀንሱ። ለእሱ ግን አንድ ሰዓት ነበር።

«አንተ ሰውዬ!»

ድምፁ የመጣው ከአርባ ክንድ ርቀት ላይ፣ ከጀርባው ነበር። የጃይቱን ራስ ውሃው ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«የት እየሄድክ ነው? ፊሊፒንስ ልትሻገር ነው እንዴ? ና እንጂ፣ ገመዱ እጄን እየቆረጠው ነው!»

ቀዝፎ ደረሰባት፤ በቀጥታ መድረስ ስላልቻለ ሁለቴ ዞሯት ነው የደረሰባት። ገመዱን ተቀበላት፣ ሁለቱም ሳቡ፤ ዋሻው ሲለቀው ያ ቡናማ ነጠብጣባም አውሬ አፉን ከፍቶ ብቅ አለ። ጉሮሮው ላይ ነው የተወጋው፤ ንጹሕ ምት። ታንኳዋ ላይ ሲዘረጉት ጭራው ከውጭ ተረፈ።

«ታች ሆኖ የባሰ ትልቅ ነበር» አለች ጃይቱን እያለከለከች። «እውነትህን ነው ለካ።»

ታራባሳ ዓሣውን አላየም። እሷን ነበር የሚያየው።  «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ» አለ።

«አንተ በየቀኑ ታደርገው የለ?»

 «ስለ ውፍረትሽ ያልኩትን...» ብሎ ጀመረ።

«ሰምቻለሁ» አለችው። «አሁን አድምጠኝ። የወጋኸው አንተ ነህ። ደንቡ የአባት ዓሣ ነው የሚለው፤ ልጄን በሠርጓ ቀን ማንም አይስቅባትም። ገባህ?» ታራባሳ ገባኝ አለ። ትንሽ ፈጥኖ ነው ገባኝ ያለው።

ኦማዳል ሲደርሱ የሳራፒል ቤት ወለሉ እስኪንቀጠቀጥ ሰው ሞልቶበት ነበር። የነሐስ ደወሎቹ ይመታሉ። ኢንታን ዓይኗ ተኩሎ፣ ፊቷ በዱቄት ነጥቶ፣ ለሙሽራ እንደሚገባው ሳትናገር ሳትስቅ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ጃይቱንንም ሴቶቹ እንደመጣች ያዟትና ፊቷን በዚያው በሩዝ ዱቄት ለቀለቋት። ዓሣው ገባ። የሳራፒል እኅቶች ቀዳዳውን በጣታቸው ፈትሸው ተያዩ፤ «ጉሮሮ!» አሉ። ሳራፒል ከወንበሩ ተነሣ። ታራባሳን አቀፈው፣ «አማቼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለው። ታራባሳ በሕይወቱ ሲመኘው የኖረው ቀን ቢኖር ይህ ነበር።

ዓሣው በስሎ ሲቀርብ ጭንቅላቱ በአንድ ትልቅ ሳህን ለብቻው መጣ። ጭንቅላቱ የወጋው ሰው ድርሻ ነው፤ የሚበላውም እንዴት እንደወጋው እያወራ ነው። ሳህኑ ታራባሳ ፊት ተቀመጠ። ሰዉ ሁሉ ሲሶውን ለመቀነስ ተዘጋጀ።

«ቢስሚላህ» አለ ታራባሳ። «ንጋት ላይ ነው። ውሃው ጎድሏል። ዋሻው...» አቆመ። ዋሻውን ሊነግራቸው ሲል የመጣለት ነፋሱ ነበር፤ ወደ ግራ የሚገፋው ነፋስ፣ አልቆምም ያለው መቅዘፊያ፣ ዝም ያለው ባሕር። የሚያወራው ሌላ ነገር አልነበረውም። ምላሱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ አለው።

ሳህኑን አንሥቶ ተነሣ። የማይወዛወዝ ወለል ላይ መራመድ ስለማይችል እየተንገዳገደ፣ መረቁን የሳራፒል ጉልበት ላይ እያፈሰሰ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ሄደና ሳህኑን ጃይቱን ፊት አስቀመጠው።

«የወጋችው እሷ ናት» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሳራፒል እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይኼኛውን ሲሶ ሳይሆን ሙሉውን ነው የምንቀንሰው!» አለ አንዱ። ጃይቱን ከታች ቁርጭምጭሚቱን ቆነጠጠችው። ታራባሳ ግን ደሙ ፈላ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲዋሽ በትሕትና የሰማው ሰው ሁሉ አሁን እውነቱን ሲናገር ይስቅበታል!

«እናንተ የመሬት ሰዎች!» ብሎ ጮኸ፤ ተንበረከከ፤ የሸሚዙን ጫፍ ይዞ ዱቄቱን ከሚስቱ ፊት ላይ ጠረገው።

በሁለቱም ዓይኖቿ ዙሪያ፣ ከቅንድቧ እስከ ጉንጯ፣ አዲስ የእንጨት መነጽር የተወው ቀይ ክብ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ደወል መቺው እጁን አቆመ። እዚያ ቤት ውስጥ ያን ምልክት የማያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ የሳራፒልን ጨምሮ የሁሉም አባት ፊት ላይ ነበር። ከዚያ ሁሉም የታራባሳን ፊት አዩ። በቀኝ ዓይኑ ዙሪያ ምንም የለም፤ ቅንድብ እንኳ። ሙሽራ አትስቅም የተባለችው ኢንታን ቀና ብላ እናቷን አየችና ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነና ዱቄቷን በሁለት መስመር አጠበው።

«ጨው ያንሰዋል» አለች ጃይቱን፤ እጇን ሰደደችና መብላት ጀመረች። ጭንቅላቱን ከዳር እስከ ዳር፣ አጥንቱን እየመጠጠች ጨረሰችው። ለታራባሳ አንዲት ቁራሽ አላቀመሰችውም፤ እሱም ምራቁን እየዋጠ አጠገቧ ተቀምጦ፣ እሱ ታች የነበረባቸውን ሰዓታት ሁሉ አንድ በአንድ ላይ ሆና የጠበቀችው ሴት ስትበላ እያየ፣ ደስ ብሎት ዝም አለ።